ከቤቱ በኋላ

ሰኔ 4

…ገመዱን በዚህ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በዚያ ጫፍ አባዬ፤ በመሃላችን ገና ያልቆመ ግድግዳ። «አትልቀቂ» ይለኛል። አልለቀቅኩም። ጣቴ ላይ ጠምጥሜው ነበር፣ ጫፉ ደም አጥቶ እስኪነጣ። ከዚያ እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አንድ ነገር አለች፣ አባዬ ሳቀ፣ እኔም ያለችውን ሳልሰማ አብሬ ሳቅኩ። ምን ነበር ያለችው? ዛሬ ባንክ ቤት ተራ ስጠብቅ ይህን ነበር የማስታውሰው፤ ልደርስበት ስል ጠሩን።

ብድሩ ተፈቀደ። ቤቱ መያዣ ነው። ገንዘቡ የሚሰጠን ተከፋፍሎ ነው፤ ጥቂቱ አሁን፣ የቀረው ጣሪያውና ወለሉ ሲያልቅ። መክፈል የምንጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ተከራይ ካልገባ የኔም ደመወዝ የወንድም ጋሼም ደመወዝ ተደምሮ አይደርስለትም፤ ቤቱ ይሸጣል። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ይህን የነገረን እየሳቀ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው አይተው መሆን አለበት።

ሐሳቡ የኔ ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ከፊት ለፊት በኩል እየሞተ ነበር። ፊተኞቹን ክፍሎች አድሰን እናከራያለን፣ እማዬ ከጓዳው ጎን ያለውን ክፍሏን ይዛ ትቀመጣለች፣ ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል። እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋት። «አንቺ ካልሽ» አለች።

ፈረመች። ማለቴ በጣቷ። ጽሕፈቷ የሚያምር ሴት ናት፤ የሠፈሩን ሴቶች ደብዳቤ የምትጽፍላቸው እሷ ነበረች። ዛሬ እስክሪብቶውን ስሰጣት «እጄ ዝሏል፣ ቀለሙን አምጡልኝ» አለች። ሠራተኛው አውራ ጣቷን ይዞ ወረቀቱ ላይ አሳረፈላት። «እዚህ ጋ፣ እናቴ።» «እዚህ ጋ» አለች እሷም፣ እንደ ተማሪ። ሁላችንም ሳቅን።

ሰኔ 7

ግንበኛው ሠራተኞቹን አስከትሎ መጣ። ሐኪም ደረት እንደሚያንኳኳ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ቤቱን ዞረው። ፊተኞቹ ክፍሎች ተዘግተው ከርመዋል፤ ስንከፍታቸው ኮርኒሱ በአንድ ጥግ ተንዘርጥጦ ተንጠልጥሏል፣ አባዬ ሰማያዊ የቀባው ግድግዳ እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ረግፏል። ከዚያ ረጅሙ ኮሪደር። ጓዳው። ከጓዳው በውስጥ በር የሚገባበት የእማዬ ክፍል።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለኝ። «ይሄ ቤት የቆመው በልማድ ነው።»

እማዬ ከኋላችን ነበረች። «እኔስ በምን የቆምኩ መሰለህ ልጄ? እኔንም ታድሰኛለህ?»

«ነገ እናያለን፣ እማማ።»

ጣሪያው መቼ ይነሳል? ነገ። ቆርቆሮውስ? ነገ። እማዬ «አቶ ነገ» ብላ ጠራችው፣ ሠራተኞቹም ምሳ ሳይበሉ ስሙን ተቀበሉላት። ከት ብላ ስትስቅ ሰማኋት። እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። ቤቱ ሲያምር ይበልጥ ትስቃለች ብዬ አሰብኩ።

ሰኔ 10፣ በጥድፊያ

ቆርቆሮው ገባ። ምስማሩ አነሰ። የእማዬ ክፍል ጣሪያ ስለተነሳ አልጋዋ ወደ ፊተኛው ክፍል ዞረ። ሰማዩ ጠቁሯል። መነጽር ሱቁ ሥራዬ አረፈድኩ፤ ባለሱቁ ሰዓቱን አላየም፣ እኔን አየኝ።

ሰኔ 16

ከቀለም መደብር ናሙና ካርድ ሰጡኝ፤ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ እንደ ከረሜላ። ለእማዬ ይዤላት ሄድኩ። ቤቱ የሷ ነው፣ ሳላማክራት ብሩሽ አያርፍበትም ብዬ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ካርዱን እጇ ላይ አኖርኩት።

«የቱ ይሁን?»

በአውራ ጣቷ ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው። «ያምራል።»

«የቱ?»

«አንቺ የወደድሽው።»

«እኔ ይሄኛውን ነው የወደድኩት።» የጠቆምኳት ነጩን፣ ወደ ክሬም የሚያደላውን ነው። ተከራይ የሚወደው እሱን ነው ይላሉ።

«እሱ ነው የሚያምረው» አለች ወዲያው።

ደስ አለኝ። ስንቱ ቤተሰብ በቀለም ይጣላል። ለወንድም ጋሼ ደወልኩለትና «እማዬ ተስማምታለች» አልኩት።

«እማዬ?» አለ። «እማዬ የሰው ምርጫ ያለ ክርክር የተቀበለችው መቼ ነው?»

እኔ ግን ስትስማማ አይቻለሁ። እሱ ምን ያውቃል፤ የሚያያት በስልክ ነው።

ሰኔ 21

አቶ ነገ ወደ ጎን ሳበኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እናታችንን ይምከሩልኝ። እኛ እንቀባለን፣ እሳቸው ይዳብሳሉ።»

አሳየኝ። ከኮሪደሩ ዳር እስከ ዳር፣ በወገብ ልክ፣ በእርጥቡ ቀለም ላይ ጣቶች ያሰመሩት መንገድ። «እርጥብ ነው፣ አይነካ» የሚል ወረቀት እኔው ራሴ በትልልቁ ጽፌ ለጥፌ ነበር። መስመሩ በወረቀቱም ላይ አልፏል።

ጮኽኩባት። ሠራተኞቹ ፊት። «ማንበብ ተሳነሽ እንዴ?»

«እርጥብ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«ተጽፏል እኮ!»

«እህ። ተጽፏል።»

እንደገና ተቀባ። ዘፈኑን ያቋረጠው አንዱ ሠራተኛ የቀጠለው እኔ ስወጣ ነው። ማታ ከጥፍሯ ሥር አልወጣ ያለውን ቀለም በጨርቅ ስጠርግላት እጇን ሰጠችኝ። ስለ ቀለሙ አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳች። እንዲያ መጮህ አልነበረብኝም። ድካም ነው። ቤቱ ይለቅ እንጂ እክሳታለሁ።

ሰኔ 28

ዝናብ። በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁ ሌላ ነው፣ የማናውቀው ሰው የሚያወራ ይመስላል። እማዬም ይህንኑ አለች፣ እኔ ሳልናገር።

ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ሥራዬ ያው ነው፤ ሰው አገጩን ያስደግፋል፣ እኔ መስታወት እቀያይራለሁ፣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» እላለሁ። ዕድሜዬን የበላሁበት ሥራ ስለሆነ የማያዩትን መለየት አይቸግረኝም። የሚያስቸግሩት የሚያዩ መስለው የሚቀመጡት ናቸው። ሽማግሌው የሰሌዳውን ፊደላት አንድ ሳይስቱ ጠሩልኝ። ልጃቸው ኮራች። ነገሩ ያልጣመኝ ሦስተኛውን መስታወት ሳላወርድላቸው መጥራት ስለጀመሩ ነው። ከሳቸው በፊት የገባችው ሴት ጮክ ብላ ስታነብ ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ነበር። አብራቸው የምትኖር ልጅ። እንዴት አላወቀችም? እንዴት ያለ ልብ ነው?

ለባለሱቁ ይህን ሳወራለት ሳቀ፤ ከዚያ የኮሪደሩን ቀለም ጉዳይ ነገርኩት፣ እሱንም እንዲያስቀው። አልሳቀም።

«እናትሽን አምጫትና እንያት እንጂ። የሠራተኛ እናት አትከፍልም።»

«ከቤቱ በኋላ» አልኩት።

እናቴን ለምን አነሳት? የምናወራው ስለ ሽማግሌው ነበር። ሲወጡ የባንኮኒውን ጠርዝ በጥፍራቸው እየተከተሉ፣ ጠርዙ ሲያልቅ ቆም ብለው፣ ከዚያ በሩ ወደሚነፍስበት

ደከመኝ። መብራቱም ይዋልላል።

ሐምሌ 3

«እህቴ! ዕጣ ወጣልሽ በይ!» ደላላው ነው። ጃንጥላውን በር ላይ ሳያራግፍ ገባ፣ አዲሱ ወለል ላይ ኩሬ ሠራ። «መሥሪያ ቤት ነው። ግለሰብ አይደለም፣ መሥሪያ ቤት! የዓመቱን በአንዴ ይከፍላሉ። ሙሉ ግቢ፣ ሙሉ ቤት።»

«የኋላው ክፍል የእናቴ ነው።»

«እሱን ለመዝገብ ማስቀመጫ ነው የሚፈልጉት።»

«እናቴ ትኖርበታለች እያልኩህ ነው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሰው ተቀምጦ የተነሳበትን ወንበር ሙቀት ማን ይወዳል? ባለቤት ያለችበት ቤትም እንደዛው ነው። እናታችን ደግሞ፣ እድሜ ይስጣቸውና፣ ልጆች አሏቸው። ቤት ያጡ አይደሉም።»

«ላስብበት» አልኩት።

«አስቢበት፣ አስቢበት» አለ በስልኩ እየደወለ። «ሄሎ ጌታዬ፣ አዎ፣ ተስማምተዋል።»

አላረምኩትም። ነገ ደውዬ አርመዋለሁ።

ሐምሌ 6

አልደወልኩም። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ነበር፤ የኋላው ክፍል ወለል ሴራሚክ ካልተነጠፈ ሥራው አልቋል ብዬ አልፈርምም አለ። ሳይፈርም ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ሳይኖር ሴራሚክ የለም። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ እንደሚያዝን ሰው፤ ጫማውንም ጠርጎ ሄደ።

ሴራሚኩን አቶ ነገ በዱቤ አመጣልኝ። «ነገ ይከፍላሉ» አለ፣ እየሳቀ።

ወንድም ጋሼ በስልክ፤ «እኔ ጋ ትምጣ እንዳልል አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው…» ከጀርባው ሚስቱ፤ «ለማን ነው ክፍል የምታካፍለው?» እጁን ስልኩ ላይ ጫነ። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ሰው ሆኗል። «አንቺ ብቻሽን ነሽ አይደል? ላንቺም ጓደኛ ትሆንሻለች።»

የኔ ቤት አንድ ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት አልጋውን ይነካል።

ሐምሌ 9

ተከራዮቹ ጓዳውን ለብቻው የሚቆለፍ ክፍል አድርገው ይፈልጉታል። ስለዚህ ከጓዳ ወደ እማዬ ክፍል የሚያስገባው የውስጥ በር በብሎኬት ይዘጋል፣ ለእማዬ ክፍል በግቢው በኩል አዲስ በር ይወጣለታል። ደላላው ነው ያስረዳኝ። ለአቶ ነገ አስተላለፍኩ። ከሰዓት ተገነባ፣ ተለሰነ። በር የነበረበት ቦታ መሆኑን ካላወቁ አያስታውቅም። ሥራው ግሩም ነው።

እማዬ ፊተኛው ክፍል ተኝታ ስለነበር አላየችም። ማታ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 10

አልነገርኳትም። ደክሟት ነበር። ወይም እኔን።

ሐምሌ 12

ወደቀች። አልወደቀችም፣ ተጋጨች። ወለሉ ደርቆ ስላየሁት ጠዋት «ክፍልሽ አልቋል፣ እይው» ብያት ወደ ሥራ ሄድኩ። ጓዳ ገብታ፣ ወደ ክፍሏ ልትሻገር፣ እንደ ሁልጊዜዋ ሳትቀንስ፣ በሩ ወደነበረበት። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ አፍንጫዋ አብጧል። ስደርስ አቶ ነገ ወንበር ላይ አስቀምጧት እርጥብ ጨርቅ ይዞላታል።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ እየሳቀች፣ ጥርሷ ላይ ደም። «በሩ የት ሄደ? ሳይሰናበተኝ?»

ጨለማ ነው። ጓዳው አምፖል ገና አልገባለትም፣ መስኮቱም በስሚንቶ ከረጢት ተሸፍኖ ነበር። ማንም ሰው ይጋጫል። እኔም ብሆን።

ከረጢቱ ዛሬ ጠዋት ተነስቷል ይላል አቶ ነገ። ያው ደመና ነበር።

ውጭ ሁለቱ ሠራተኞች አሸዋ እየነፉ፤ «ሴትዮዋኮ…» «ዝም በል፣ ልጅየዋ መጣች።» ከዚያ የወንፊቱ ድምፅ ብቻ።

ሐምሌ 13፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሷ አጠገብ ወለሉ ላይ አንጥፌ ተኝቻለሁ፤ ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። በአፏ ነው የምትተነፍሰው። ፊተኛው ክፍል የልስን ሽታ አለው፣ ግድግዳው ገና ውሃውን አልጨረሰም፤ ጀርባዬን ሳስጠጋው እንደታመመ ሰው ላብ ቀዝቃዛ ነው።

ያጠፋሁት ምንድነው? አለመንገሬ። በቃ እሱ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «እማዬ፣ በሩን ዘግተነዋል።» ለመንገር ያልቸገረኝ ነገር ስንት አለ፤ የሴራሚክ ዋጋ ነግሬያታለሁ፣ የባለሱቁን ጠባይ፣ የደላላውን ጃንጥላ። ይህን ግን ከነገርኳት «ለምን ተዘጋ?» ትላለች፣ ለጓዳው ነው እላታለሁ፣ «ጓዳው ለማን ነው?» ትላለች። ወደዚያ ነው የሚሄደው። እንደ ሹራብ ክር፣ አንዱን ስትስቢው።

ክፍሏን ለቃ እኔ ጋ ብትመጣ ይሻላታል። ዝናብ አይገባም። ሱቄ ቅርብ ነው፣ ለምሳ እመጣላታለሁ። በየቀኑ እመጣላታለሁ። አንድ ክፍል ነው፣ አዎ፣ ግን ለአንድ ሰው ስንት ክፍል ያስፈልገዋል? እዚህ ስትዞር ትውላለች፤ ኮሪደሩን፣ ጓዳውን፣ ግቢውን፣ ቧንቧውን፤ ባልዲዋን ሞልታ ጠብታ ሳታፈስ ትመለሳለች። በሰው እጅ ያልታገዘች ሴት ናት። ልብሷን አጥባ ገመዱ ላይ ስታሰጣ ያያት ማንም ሰው

አየኋት እንጂ። እኔ ሁልጊዜ አያታለሁ። ነገር በዓይን ይገባል ትል ነበር እሷ ራሷ፣ ልጆች ሳለን፣ የሰው ምግብ ላይ ስናፈጥ።

አሁን ተገላበጠች። «አልተኛሽም?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«እስክሪብቶሽ ያንኳኳል።»

ሐምሌ 21

ነገርኳት።

ግቢው ውስጥ ነበርን፣ አዲሱ በሯ ፊት፣ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ሁሉንም አልኩ፤ መሥሪያ ቤቱን፣ የዓመቱን ክፍያ፣ ባንኩን፤ ካላከራየን ሁላችንም ቤት እንደምናጣ። በቃሌ አጥንቼው ስለነበር ሳላቋርጥ ወረወርኩት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ብትቆጣ ምነው።

እማዬ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ አዞረች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ያንቺ ቤት በሩ በየት በኩል ነው?»

«ስንቴ መጥተሽ የለም እንዴ እማዬ!»

«መጥቻለሁ። አንቺ እየያዝሽኝ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ በዚሁ በመንገዱ በኩል ነው።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«ግቢው ውስጥ፣ የጋራ ነው፣ ጥግ ላይ።»

«በየትኛው ጥግ?»

ተናደድኩ። ቤቷን እየወሰድኩባት የሽንት ቤት ጥግ ትጠይቀኛለች። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ፣ አባዬን ብትጠራብኝ መልስ ነበረኝ። «ስትመጪ ታይዋለሽ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ስመጣ።»

ሐምሌ 29

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ቤቱን ሊያይ መጣ። ግራጫ ኮት፣ የታጠፈ ሜትር በኪሱ፣ ጨዋ ሰው። ደላላው ከኋላው ይንጠባጠባል። እኔ ሻይ ላፈላ ስገባ እማዬ በር ላይ ተቀብላቸዋለች። ነጠላ ጫማዋን ቀይራ፣ ፀጉሯን አስራ።

«ግቡ፣ ግቡ። የምታስጎበኛችሁ ባለቤቷ ናት።»

ልከለክላት አልደረስኩም። ፊት ፊታቸው ሄደች፣ ኮሪደሩን በመሃሉ፣ ቀጥ ብላ፣ እጇን ግድግዳ ሳታስነካ። ስለኔ ብላ ነው። «እዚህ ጋ ደፍ አለ፣ እንዳይመታችሁ» አለቻቸው፤ ደፉ እውነትም አለ። ጣሪያውን፣ የውሃውን ግፊት፣ ጠዋት ፀሐይ በየት እንደምትገባ አንድ ሳይቀራት ነገረቻቸው። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። እንደዚያች ሰዓት ኮርቼባት አላውቅም።

ትልቁን ክፍል ከፈተችላቸው። እጇን ዘረጋች፣ መድረክ ላይ እንዳለ ሰው።

«ይሄ ደግሞ ሰማያዊው ክፍል ነው። ሰማያዊውን ባለቤቴ ነው የመረጠው። ልጄም ስታሳድሰው አልቀየረችውም። ይኸው፣ እንደ ጠዋት ሰማይ።»

ሰውዬው ነጩን ግድግዳ አየ። ደላላው ጫማውን አየ። ከዚያ ሰውዬው እኔን አየኝ።

«እናቴ ቀልድ ትወዳለች» አልኩ።

ሳቅኩ። ደላላው ከልቡ ሳቀልኝ። እማዬ ያሳቀንን ስላላወቀች መጀመሪያ ፊቷን ወደ ሳቃችን አዞረች፣ ከዚያ እሷም ሳቀች፣ ከሁላችንም አስበልጣ። እጇ ግን እንደተዘረጋ ነበር።

ሰውዬው አልሳቀም። «ጥሩ ቤት ነው፣ እናቴ» አላት። ሲሄድ ክንዷን ይዞ ሦስቱን ደረጃ አወረዳት፤ ማንም ሳይነግረው። እንዲያ ያለ ሰው ቤታችንን በመከራየቱ እግዜር ይመስገን።

ሐምሌ 30

ቀልድ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ካርዱን አሳይቻታለሁ። «ያምራል» ብላለች።

ነሐሴ 2

ውል ተፈረመ። መሐንዲሱም ፈረመ። ባንኩ የቀረውን ለቀቀ። አቶ ነገ ዱቤውን ተቀብሎ «እትዬ፣ እኔ እኮ እንደሚከፍሉ አላመንኩም ነበር» አለኝ። ቤቱ ድኗል። ድኗል ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ መንገድ ላይ፣ ብቻዬን። ሰው ዞሮ አየኝ። ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ምላስ ቦታውን እየሄደ እንደሚፈልገው፣ ጭንቀቱን ፈልጌ አጣሁት። ማታ ተመልሶ መጣ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ።

ነሐሴ 8

ባለሱቁ ዛሬም አነሳው። «አሁን ቤቱ አለቀ አይደል?»

«ዕቃ ማጓጓዙ አለ።»

«ለማየት እኮ ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው።»

«አውቃለሁ ስንት እንደሚፈጅ» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ደንበኛዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ሄድኩ። አዲሱ በሯ ክፍት ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች፤ ፊቷ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ። ዝናብ ስለነበር እርምጃዬ አልተሰማም። ደፉ ላይ ቆምኩ። ቀሚሷን አጠፈች፣ በመዳፏ ደለደለችው፣ ቀና ብላ ወደ ፊቴ ተመለከተች። ፈገግ አልኩላት።

ሌላውን ቀሚስ አነሳች። ለራሷ የሆነ ነገር እያንጎራጎረች።

ሐሳብ ይዟት ነው። ሰው ሐሳብ ሲይዘው አጠገቡ የቆመውን አያይም። እኔም ስንቴ ሆኖብኛል። ጥቂት ቆየሁ። እንደ ሐውልት ቆሜ፣ ውሃው ከጃንጥላዬ ጫማዬ ላይ እየተንጠባጠበ። ከዚያ ሳልጠራት ተመለስኩ።

ለምን ሳልጠራት ተመለስኩ?

ነሐሴ 9

ሆድ ይፍጀው።

ነሐሴ 16

ወንድም ጋሼ የሰው ጭነት መኪና ለምኖ መጣ። በመጨረሻም መጣ። ሽቶ ሸቶ፣ አዲስ ጓንት አድርጎ።

አልጋው አልወጣ አለ። ከፊተኛው ክፍል ሲመለስ የገባው ተፈታትቶ ኖሯል፤ አዲሱ በር ጠባብ ነው። ወንድም ጋሼ ገፋ፣ ጠመዘዘ፣ ተሳደበ። «ይሄን በር የለካው ማነው? አይጥ ነው?»

«አቶ ነገ ነው» አለች እማዬ፣ ግቢው ውስጥ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ። «ነገ ይሰፋል።»

ሳቅን፤ ሦስታችንም አንድ ላይ፣ እንደ ድሮ። ወንድም ጋሼ ሲስቅ ትከሻው እንደ አባዬ ነው የሚንቀጠቀጠው። አልጋውን ፈታታነው። ከሥሩ አቧራ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ የደረቀ ሎሚ።

በኋላ ቧንቧው ጋ ስንታጠብ ቀስ ብሎ፤ «እማዬ ምን ሆናለች?»

«ምን ሆነች?»

«ሰላም ስላት ጆሮዬን ሳመችኝ።»

«ተቻኩላ ነው።»

አየኝ። እሱም እንደኔ ነው፣ ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣነው። ፎጣውን ሰጠኝ። «አዎ» አለ። «ተቻኩላ ነው።»

ነሐሴ 23

የቀለም ቆርቆሮ ገልብጬ ግቢው ውስጥ ተቀምጫለሁ። እየጻፍኩ ያለሁት እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው።

የመጨረሻው ዕቃ ተጭኗል። ወንድም ጋሼ መኪናው ውስጥ ነው፣ ሞተሩን አላጠፋም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ግራጫ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል፤ ከሰዓት ጀምሮ ቤቱ የሱ ነው። ቁልፎቹን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ «ይቆይ፣ እናታችን ይውጡ» አለኝ።

እማዬ ውስጥ ናት። አንዴ ብቻዋን ልዙረው አለች። «ልያዝሽ?» አልኳት። «እዚህ?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ነጠላ ጫማዋ ይሰማኛል። ባዶ ቤት ድምፅ ያበዛል። ኮሪደሩ። ቆመች። ትልቁ ክፍል ገባች። ዝም። እዚያ ቆየች፣ ቆየች። መልሳ ወጣች። ጓዳው። አሁን በብሎኬት ወደተዘጋው በኩል ትሄዳለች ብዬ ብድግ ብዬ ነበር፣ ግን ሳትደርስ ዞረች። አውቃዋለች። አንዴ የመታትን አትረሳም።

ነገ ባለሱቁ ጋ እወስዳታለሁ። አይ፣ ነገ የእረፍት ቀን ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው። ሰኞ።

ወንድም ጋሼ ጥሩንባ ነፋ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ዞሮ አየው፣ ጥሩንባው ተቋረጠ።

«እማዬ!» አልኩ።

«አቤት!» አለች። ድምጿ ከቅርብ ነው፣ ከበሩ ጀርባ፣ ጥርት ያለ፣ የልጅነቴ ድምፅ፤ ለምሳ ስትጠራን የነበረው።

«ነይ እንጂ፣ መሽቷል።»

«መሽቷል እንዴ?» አለች።

አልመሸም። ፀሐይ ናት፤ ነጩ ግድግዳ ዓይን ይወጋል። ለማቻኮል ያልኩት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው አንገቱን ሰበረ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ ቶሎ፣ አሁኑኑ፣ «አልመሸም እማዬ፣ ቀን ነው፣ እየቀለድኩ ነው» ማለት ነበረብኝ፤ አፌን ከፍቼ ነበር።

ነጠላ ጫማዋ ሁለቴ ተሰማ። ወደ ውጭ ይሁን ወደ ውስጥ አልለየሁም።

በሩ ተዘጋ።